ፈራሚ የሌለው ፕሮግራም

ሰውዬው ጨጓራዬን ላጠው! የኢንሹራንስ መሥሪያ ቤት ጠበቃ ነው፤ እኔ ደግሞ ሥራዬ ፕሮግራም መጻፍ ነው። እፊቱ የተገተርኩት ለታናሽ ወንድሜ ብዬ ነው። ወንድሜ ዓይነ ስውር ነው፤ እዚያው ቤት የደንበኞችን ስልክ ያነሳል። ኮምፒውተሩ ላይ ያለውን ጽሑፍ ጮክ ብሎ የሚያነብለት ፕሮግራም ከሌለ እንጀራው ተዘጋ ማለት ነው።

ፕሮግራሙን የሚያወጣው ኩባንያ ሁለት ዓይነት ፈቃድ ነበረው። አንዱ ነፃ ነው፣ ኮዱም ለሁሉም ክፍት፤ ሌላው ተፈራርመው የሚገዙት። ባለፈው ዓመት ነፃውን አቆመው። እኔም እልህ ያዘኝና ቀድሞ የተለቀቀውን ክፍት ኮድ ቀድቼ ለብቻው ማሳደግ ጀመርኩ፤ እኛ ፎርክ የምንለው ነው። አንዴ የተሰጠ ነፃ ፈቃድ መልሶ አይነጠቅማ! ጠበቃው ዘንድ የመጣሁትም ይህንኑ ለወንድሜ በነፃ ጫኑለት ልል ነው።

«ኮዱ የማን ነው?» አለኝ ጠበቃው።

«ብዙ ሰው ነው የጻፈው። በቋንቋችን የሚያነበውን ድምፅ የሠራሁት ግን እኔ ነኝ።»

«እንግዲያው የሚሸጠውን ፈቃድ እርስዎ ይፈርሙልና።»

«አልችልም። ሌላው ኮድ የኩባንያው ነው፤ በእጄ ያለው ነፃው ፈቃድ ብቻ ነው።»

«ነፃውን ከወሰድን የእኛም ኮድ ለሕዝብ ይከፈታል ሲሉ ሰምቻለሁ።»

«ማነው ያለው? ለራሳችሁ እስከተጠቀማችሁበት ድረስ ምንም አትከፍቱም!»

«ነገ ቢበላሽስ ማንን እንከሳለን?»

«እኔ አስተካክለዋለሁ!»

«ማንን እንከሳለን ነው ያልኩት።»

ወይ ጣጣ! ሰው የሚከሰው ካላገኘ ነፃ ነገር አይወስድም እንዴ? ፈራሚ የሌለው ፕሮግራም እዚህ ቤት አይገባም ብሎ እስክሪብቶውን ከደነ። በሩን ድርግም አድርጌ ወጣሁ።

ወንድሜ ኮሪደሩ ላይ ይጠብቀኝ ነበር።

«እታለም፣ እምቢ አሉ አይደል?»

«ይሄ ድንጋይ ራስ!»

«ቀስ በይ፣ ይሰማሻል።»

«ይስማ!»

ሊስቅ ሞከረ። ክንዴን ግን ጥብቅ አድርጎ ያዘ፤ አንጀቴን በላው።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ መሥሪያ ቤቱ የኩባንያውን ፕሮግራም ገዛ። ወንድሜ በደስታ እየተፍለቀለቀ ደወለልኝ።

«እታለም፣ ተረፍኩ! በቋንቋችን እንዴት አድርጎ እንደሚያነብ ብትሰሚ! እንዳይከፋሽ እንጂ ያንቺን ያስከነዳል።»

ስልኩን ወደ ድምፅ ማጉያው አስጠጋልኝ። የራሴው ሥራ ነው! አራት ነጥብ ጋ ሲደርስ ትንፋሽ የሚሰበስበው፣ የሰው ስም ላይ የማይደናቀፈው፣ ስንት ጊዜ አፍርሼ የሠራሁት፣ እሱው ነው። ነፃው ከመቆሙ በፊት ኮዴን ለኩባንያው ስሰጥ በሁለቱም ፈቃድ እንዲያወጣው ተስማምቼ ነበር፤ ካልተስማሙ አይቀበሉማ። እነሱ ዘግተው ይሸጡታል፤ እኔ በነፃ ስሰጥ የሚቀበለኝ ጠፋ። እርር ድብን አልኩ።

«የኔ ነው እኮ!» ብዬ ጮህኩበት። «የምትሰማውን የሠራሁት እኔ ነኝ!»

ድምፅ ማጉያውን አጠፋው።

«ጠበቃው እኮ፣ እህትህን ፈርሚ ብያት እምቢ አለችኝ ብሎኛል» አለ ቀስ ብሎ። «ደግ አይደለም ብዬ ዝም አልኩሽ እንጂ። ያንቺ ከሆነ ታዲያ ምን ነበረበት፣ እታለም፣ ብትፈርሚልኝ?»

አፌን ከመክፈቴ በፊት የደንበኛ ስልክ ጠራበትና ዘጋው።