ዘጠኝ ኢንች

«ቆይ፣ ቆይ! እንዳትነኪኝ፣ ላገባ ነው!»

ሾፌሩ ኡርጌሳ ጮኸ። ሰልዋ በሚኒባሱ መስኮት አንገቷን አስግጋ እጇን ወደሚጫወትበት የጌም ስክሪን ልካ ነበርና ቶሎ ሰበሰበችው። ከሾፌሩ ጀርባ ሦስት ተሳፋሪዎች፣ ረዳቱና ወረፋ የሚጠብቅ አንድ ሌላ ሾፌር ተደራርበው ያያሉ። ኳሷ አግዳሚውን መትታ ተመለሰች። ማኪናው ውስጥ ያለው ሁሉ ባንድ አፍ «ኤጭ!» አለ።

«ያንቺ ጥፋት ነው» አላት ኡርጌሳ ዞር ብሎ። «እጅሽን ሳይ ደነገጥኩ።»

«መቼ ነው የጀመርከው?»

«ወረፋ ስይዝ። ሃያ ደቂቃ ቢሆነው ነው።»

ሰልዋ ደብተሯን አውጥታ ጻፈች። አዲሱ ገበያ ታክሲ ተራ እኩለ ቀን ላይ ተሳፋሪው ሳሳ ይላል፤ ሾፌሩም ተራው እስኪደርስ የሚያደርገው ያጣል። ሰልዋ ደግሞ ሰው ሥራ ሲፈታ ምን እንደሚያደርግ ማየት ነፍሷ ነው። ወንድሟ ኑሕ «አንቺ እኮ መርማሪ እንጂ ጠጋኝ አይደለሽም» ይላታል። ውሸቱን አይደለም።

እህትና ወንድሙ ከተራው ማዶ ሞባይልና ኮምፒውተር የሚጠግኑበት ጠባብ ሱቅ አላቸው። ካለፈው ዓመት ወዲህ አዲስ ዕቃ ይመጣላቸው ጀምሯል፤ በሁለት እጅ ተይዞ ጌም የሚጫወቱበት፣ ሰባት ኢንች ስክሪን ያለው ትንሽ ኮምፒውተር። ለአካባቢው የሚያስመጡት ሐጂ ሙዘይን ናቸው። ዕቃው ጥሩ ነው፤ ግን ይሰበራል። ያውም ሁልጊዜ ስክሪኑ። ሌላ ጠጋኝ ቢሆን «እሰየው፣ እንጀራዬ ነው» ብሎ ይቀይርና ዝም ይላል። ሰልዋን ግን ነገሩ ከነከናት። ስክሪን የተሰበረበት ሰው በመጣ ቁጥር «እንዴት ወደቀ?» እያለች መጠየቅ፣ መልሱንም በደብተር መጻፍ ያዘች።

አንዱ «ጓደኛዬ አሳየኝ ብሎ ሲጎትተው» አላት። ሌላዋ «እህቴ በዚያ በኩል ስትስብ፣ እኔ በዚህ በኩል ስስብ» አለች። ሦስተኛው «አባቴ እስቲ ምንድን ነው ብሎ ሊቀበለኝ ሲል» አለ። ከሠላሳ አንድ ሰው ሃያ ስድስቱ እንዲያ ነበር። እሷ ግን አሥራ ሁለተኛው ላይ ገብቷታል። ዕቃውን የሠሩት ሰዎች፣ ባለቤቱ ብቻውን ጥግ ይዞ ይጫወትበታል ብለው ነው የሠሩት። ኧረ ጉለሌ ውስጥ ማን ነው ብቻውን የሚጫወተው? እዚህ ሰው ታክሲ ውስጥ የራሱን ስልክ ከፍቶ ፎቶ ሲያይ እንኳ ጎኑ የተቀመጠው አብሮት ያያል፤ ደስ ካለውም «ይቺ ደግሞ ማን ናት?» ብሎ ይጠይቃል።

እና ሰልዋ ሁለት ወር ሙሉ እሑድ እሑድ ተቀምጣ ትልቁን ሠራች። የአንዱን ሟች ኮምፒውተር ሆድ ዕቃ አወጣች፣ ዘጠኝ ኢንች የታብሌት ስክሪን ገጠመችለት፣ የውጭ አካሉን ከነጭ የፕላስቲክ መክተፊያ ቆርጣ አበጀች። መክተፊያው የእናቷ ነበር፤ ስለሱ ቤት ውስጥ የተባለውን እዚህ ባናነሳው ይሻላል። ከኋላው ደግሞ ተደግፎ የሚቆምበት እግር አወጣችለት፤ ለሁለት ሰው የሚሆን መጫወቻ እጀታም በገመድ ሰካችለት።

አንድ ነገር ብቻ እምቢ አላት። ትልቅ ስክሪን ትልቅ ሆድ አለው። ሰባት ኢንቹን ሦስት ሰዓት የሚያቆየው ባትሪ ዘጠኙን ከአንድ ሰዓት ከሩብ አያሳልፈውም። ተራው ላይ ደግሞ ሶኬት የለም፤ ቤትም ቢሆን መብራት እንዳሻው ነው። ትልቅ ባትሪ ብታስገባበት ክብደቱ ጨመረና ኡርጌሳ «እህቴ፣ ይሄ ወፍጮ ነው እንጂ ጌም አይደለም» ብሎ መለሰላት። መላ አይጠፋለትም፤ ጊዜ ግን ይፈልጋል።

ጊዜ ደግሞ የለም። ሐጂ ሙዘይን ነገ ጠዋት ወደ ቻይና ይበራሉ። ዕቃ የሚያዝዙበት ፋብሪካ ሦስት መቶ ፍሬ ለሚያዝዝ ሰው ስክሪኑንም አካሉንም እንደፈለገው ይሠራለታል። ዛሬ የሰልዋን ዕቃ አይተው ከወደዱት ሐሳቧ ከነስሟ ይሄዳል። ካልወደዱት ሰባት ኢንቹን አዝዘው ይመለሳሉ፤ የሚቀጥለው ጉዞ ከመንፈቅ በኋላ ነው። እስከዚያ ሌላ ሰው አይቀድማትም ያለው ማን ነው? ሰልዋ በሃያ ሰባት ዓመቷ እንዲህ አጥብቃ የፈለገችው ነገር አልነበረም።

ትልቁን ዕቃ ከኡርጌሳ ተቀብላ ሱቅ ስትገባ ኑሕ ቻርጀሩን ይዞ ጠበቃት።

«ስሚኝ» አላት። «ሐጂ ከዙህር ሶላት በኋላ ይመጣሉ። ትንሽ አሳዪያቸውና አጥፊው። ስለ ባትሪ ከጠየቁሽ መልሺ፤ ካልጠየቁሽ አፍሽን ያዢ።»

«ማወቅ የለባቸውም?»

«ፋብሪካው ያስተካክለዋል! እነሱ ኢንጂነር አላቸው፤ አንቺ ያለሽ መክተፊያ ነው።»

ሰልዋ ሳትወድ ሳቀች። «ካላስተካከለስ?»

«በቃ አንቺ ‹ካላ፣ ካላ› እንዳልሽ ታረጂያለሽ። እኔ የምለምንሽ ዛሬን ብቻ ነው።»

ሐጂ ሙዘይን ቀጠሮ አያሳልፉም፤ ከሶላት በቀጥታ መጡ። ስድሳን ያለፉ ቀጭን ሰው ናቸው፤ ዕቃ ሲያዩ አገላብጠው፣ አንኳኩተው፣ በመጨረሻም አሽትተው ነው።

«ሽንኩርት ሽንኩርት ይላል» አሉ።

«መክተፊያ ነበር፣ ሐጂ።»

«ሱብሃነላህ!» ፈገግ አሉ። ቀጥሎ ግን ነጋዴነታቸው መጣ። «ልጄ፣ ይሄ ትልቅ ነው። ማን ይዞት ይዞራል? ኪስ አይገባ።»

«ትንሹስ መቼ ኪስ ይገባል? እኔ የማስበው ከቦርሳ ከወጣ በኋላ ስላለው ነው። ይምጡ፣ ላሳይዎት።»

ኡርጌሳ አንድ ዙር ደርሶ ተመልሶ ወረፋ ይዟል። ሐጂን ጋቢና አስገቡ። ሰልዋ መጀመሪያ ትንሹን መሪው ላይ አስደገፈችና ጨዋታ አስጀመረች። ወዲያው ከኋላ ጭንቅላት መጣ፤ ሁለተኛው መጣ፤ ሦስተኛው መጥቶ ከሁለተኛው ጋር ተጋጨ። አንዱ «እስቲ ወዲህ አዙረው!» ብሎ ዕቃውን ሳበው፤ ሊወድቅ ሲል ኡርጌሳ ቀለበው።

«አዩ?» አለች ሰልዋ። «እንዲህ ነው የሚሰበረው።»

ከዚያ ትልቁን አቆመች። ማንም አልተጋፋ። ከኋላ ያሉት ወንበራቸውን ደገፍ ብለው ተቀመጡና ማየት ጀመሩ። ሐጂ ስክሪኑን ትተው ሰዎቹን ነበር የሚያዩት። ቆየት ብለው «እስቲ ለኔም አሳየኝ» ብለው ከኡርጌሳ ጋር ገጠሙ። አራት ለዜሮ ተሸነፉ። ድገመኝ አሉ፤ ሦስት ለዜሮ ሆነ። «ተሻሽያለሁ!» ብለው እንደገና ገጠሙ። ማኪናው በሳቅ ሞላ፤ ተራ አስከባሪው ሳይቀር መስኮቱ ላይ ተለጥፎ የሳቸው ደጋፊ ሆነ። አርባ አምስት ደቂቃ እንዲህ አለፈ። ሰልዋም ሰዓቷን ታያለች።

«ዊንጌት! ኡርጌሳ፣ ተራህ ነው!» ተባለና ወረዱ። ሐጂ ሱቅ እስኪደርሱ እያወሩ ነበር።

«ሠላሳ ዓመት ነግጃለሁ ልጄ። ሠላሳ ዓመት ሌላው ያሰበውን ተሸክሜ መጣሁ። የኛን ሰው ሐሳብ ይዤ ሄጄ አላውቅም፣ ወላሂ!» ስልካቸውን አውጥተው ዕቃውን ከፊትም ከጎንም ፎቶ አነሱት። «ምን ሦስት መቶ? አምስት መቶ አዝዛለሁ። ወንድሞቼም ይገቡበታል። አሁኑኑ ለፋብሪካው ልላከውና ማታውን ያስቡበት።»

ሰልዋን ከደስታ የተነሳ እንባ እንባ አላት። ያን ያህል ደግሞ ፈራች። ባትሪውን እስካሁን አልጠየቁም። ስክሪኑ ጥግ ላይ ሃያ ስምንት ከመቶ ይላል። አምስት መቶ ሰው ይህን ዕቃ ገዝቶ፣ ቤተሰቡን ዙሪያውን ሰብስቦ፣ ጨዋታው ሲጋጋል ድርግም ሲልበት ታያት። ሐጂ ደግሞ ዛሬ የሳቁበትን ታክሲ ተራ አንገታቸውን ደፍተው ሲያልፉ ታዩዋት። ኧረ ፋብሪካው ያስተካክለው ይሆናል! ኢንጂነር አላቸው። ይሆናል። ባያስተካክሉትስ?

ኑሕ እጁን ወደ ማጥፊያው ላከ። «በቃ፣ ሐጂም ጉዞ አለባቸው፤ እንዝጋው።»

«ተወው» አለች ሰልዋ።

«ሰልዋ!»

«ተወው አልኩህ፣ ኑሕ።» በርጩማውን ሳበች። «ሐጂ፣ በረራዎ ነገ ጠዋት አይደል? እንግዲያው ሃያ ደቂቃ አይቸግርዎትም። ይቀመጡልኝ።»

ሐጂ ግራ እየገባቸው ተቀመጡ። ሰልዋ ዕቃውን በእግሩ አቁማ ፊቱን ወደሳቸው አዞረችና ጨዋታውን ከፈተችው።

«ደግሞ ልሸነፍ?» አሉ እየሳቁ።

«አይ፣ ዝም ብለን እንየው።»

«ምን እየጠበቅን ነው ልጄ?»

«እስኪጠፋ።»

ሐጂ ሙዘይን ሳቃቸውን አቆሙ። ስክሪኑን አዩ፤ እሷን አዩ። ከዚያ ፎቶውን ሊልኩበት የነበረውን ስልክ ጠረጴዛው ላይ ደፉትና በርጩማቸውን ጠጋ አደረጉ።