ዳኜ ሳይሞት የተለቀሰለት ቅዳሜ

ኦቦ ገርባ የፊት ጥርሳቸው ሲረግፍ ጥሩንባቸውም አብሮ አረጀ። ድሮ አንዴ ከነፉት የሱሉልታ ሜዳ ከዳር እስከ ዳር ይሰማ ነበር። አሁን ትንፋሹ በድዳቸው መካከል እያፈተለከ «ፉፍፍ» ይላል፣ ገንፎ እንደሚያበርድ ሰው። የልጅ ልጃቸው ወርቅቱ ይህን ከሁሉ ቀድማ ብታውቅም ለማንም ትንፍሽ አላለችም። ወርቅቱ ከሦስተኛ ክፍል ትምህርቷን ያቋረጠች፣ ምላሷ ግን እስከ አሥረኛ የዘለቀ ልጅ ናት፤ ዝም ማለት ያማታል። ለአያቷ ስትል ግን ቻለችው።

ጉዱ የወጣው የጎረቤታቸው የወይዘሮ የሺወርቅ ባል ያረፉ ዕለት ነው። ኦቦ ገርባ የእድሩ ጥሩንባ ነፊ ናቸውና እንደ ወትሯቸው ጉብታው ላይ ወጥተው ነፉ፣ ማን እንደሞተና ቀብሩ መቼ እንደሆነ ለፈፉ። ነፋሱ ድምፃቸውን ጠልፎ ወደ እንጦጦ ይዞት ነጎደ። ከወንዝ ማዶ ያለ ሰው የሰማው አፈር ከለበሱ በኋላ ነው፤ የሟች እህት ወይዘሮ ተረፈች እንኳ ቀብር አልደረሱም። በማግስቱ መጥተው ኦቦ ገርባ ፊት ቆሙና አንዲት ቃል ሳይናገሩ አለቀሱ። ቢሳደቡ ይሻል ነበር። ከዚያን ቀን ወዲህ ሽማግሌው እህል አልወርድ አላቸው።

እድሩ ተሰበሰበ። የለቅሶ ወሬ ለሁሉም እንዲደርስ በምን መላ ይሁን? ወርቅቱን ያስጨነቃት ግን ሌላ ነው። አያቷ ሚስታቸውን ቀብረዋል፣ ከብታቸውን ለልጆቻቸው አካፍለዋል፤ «የእድሩ ገርባ» መባል ብቻ ነው የቀራቸው። እሱንም ከነጠቋቸው ምን ይሆናሉ?

«አንድ ወጣት ይንፋ» አለ አንዱ።

«ወጣቱ ገበያ የወረደ ቀንስ? እስኪመለስ ሬሳው ይጠብቅ?»

«የቤተ ክርስቲያኑ ደወል ይደወል» አሉ የሺወርቅ።

ባለሱቁ አብዱሰመድ ሳቀ። «እኔ ስሞት ደወል ልትደውሉልኝ? ቄሱ አይፈቅዱም፤ ቢፈቅዱም ደንግጬ እነሳባችኋለሁ።»

«እንግዲያው አዲስ አበባ ራዲዮ ጣቢያ እንሂድና ከዜናው ቀጥሎ ያንብቡልን!» አለ ቀልደኛው ዳኜ።

የእድሩ ዳኛ አቶ ወንዳፍራሽ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። አዲስ አበባ ቢሮ ሲሠሩ ኖረዋልና ነገር ሁሉ ሰልፍ ይዞ እንዲሄድ ይወዳሉ። «ከቤት ወደ ቤት ይተላለፍ። አንዱ ለጎረቤቱ፣ ጎረቤቱ ለጎረቤቱ። ጥሩንባ ምን ያደርጋል?»

ኦቦ ገርባ ጥሩንባቸውን ቀስ ብለው ጋቢያቸው ውስጥ ሸጎጡት። ወርቅቱ አየች፣ አላስቻላትም።

«ሳይሞከር አይወሰንም!» አለች ከበሩ።

«ማን ጠየቀሽ?» አሉ ዳኛው።

«ማንም! ለዚያ እኮ ነው ሳልጠየቅ የተናገርኩት።»

ሳቁና ይሞከር አሉ። ሰው ሳይሞት ሞት መለፈፍ ሟርት ነውና ደህና ወሬ ተመረጠ፦ «ቅዳሜ የእድሩ ድንኳን ዳኛው ቤት ይጠገናል፤ መርፌ ያለው ይዞ ይምጣ።»

ወሬው ከመጀመሪያው ቤት በደህና ወጣ። ሁለተኛዋ ሴትዮ ለአማቷ በኦሮምኛ ነገረቻት፤ አማትየዋ ጥጃ እየያዘች «ማሊ? ምን አልሽ?» ብላ ግማሹን ሰማች፣ የሰማችውንም ለጎረቤቷ በአማርኛ መለሰችው። ዳኛው ቤት፣ ዳኜ ቤት ሆነ። ወንዙ ዳር ሲደርስ መርፌው ጠፋ። ማዶ ሲሻገር ድንኳኑ ተተከለ።

ቅዳሜ ጠዋት ዳኜ ደጁ ላይ ጺሙን እየተላጨ ነበር። ግማሹን ጨርሶ ወደ ሌላው ጉንጩ ሲዞር የማዶ ሰው «ወንድሜን! ወንድሜን!» እያለ ግቢውን ሞላው። ከፊት ወይዘሮ ተረፈች ነበሩ፤ ይኼኛው እንዳያመልጣቸው ሮጠው ነጠላቸው ጭቃ በጭቃ ሆኗል።

«ኧረ ማን ሞተ?» አለ ዳኜ፣ ምላጩን እንደያዘ።

«አንተ ነህ እንጂ!» አሉት፤ የገዛ ቃላቸውን ሲሰሙ ጊዜ ጭቃው ላይ ቁጭ አሉ። ሰው ሁሉ ሳቀ። እሳቸው ግን አልሳቁም፤ ወንድማቸውን እንደገና አለቀሱ። ዳኜ በአረፋ ጉንጩ አቀፋቸውና «አይዞዎት፣ አለሁ» አላቸው።

ኦቦ ገርባ ጩኸቱን ሰምተው መጡ። ማንንም አልተቆጡም፤ «አንተ ምን ሰማህ? አንቺስ ከማን?» እያሉ ወደ ኋላ ጠየቁ። በመጨረሻም ስብሰባው ላይ የተባለውን አንድ ቃል ሳያጓድሉ ደገሙት፣ መርፌውንም ጭምር።

ወርቅቱ ያን ጊዜ ነው የበራላት። አያቷ እስከዛሬ ሁለት ሥራ ነው የሠሩት፣ ድምፅና ቃል። ያረጀው ድምፁ ነው። እሷ ደግሞ ስትሟገት የከረመችው ላረጀው!

«አካኮ፣» አለች አያቷን፣ «ጥሩንባውን ለዳኜ ይስጡት።»

ሽማግሌው አፈጠጡባት። «አንቺም፣ ኢንተላ ኮ? አንቺም፣ ልጄ?»

እሷ ግን ቀጠለች። «ድምፁን ትንፋሽ ላለው ይስጡ። ቃሉን አይስጡ። ጥሩንባው ‹ኑ› ብቻ ይበል፤ ‹ኑ› ለማለት ማንም ይችላል፣ ዳኜ ከሌለ አብዱሰመድ ይነፋል። ከየሰፈሩ አንድ አንድ ሰው እርስዎ ጋ ይምጣ፣ ከአፍዎ ይስማ፣ ፊትዎ ይድገም፣ ከዚያ ለሰፈሩ ይንገር።»

«ይዘገያል» አሉ በጩኸቱ የመጡት አቶ ወንዳፍራሽ።

«ይዘገያል» አሉ ኦቦ ገርባ። «ሰው ግን አይገድልም።»

ዳኛው ራሳቸው ሳቁ፤ በዚያው ተወሰነ። ኦቦ ገርባ የጥሩንባውን አፍ በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉ፣ መልሰው ጠረጉ፤ ንጹሕ ሆኖ ሳለ አሁንም ጠረጉ። ማንም አላጣደፋቸውም። በመጨረሻ ለዳኜ ሰጡትና «ከጉንጭህ አይደለም» አሉት፤ «ከሆድህ ነው።»

በሐምሌ እማሆይ አትክልት አረፉ። ዳኜ ነፋ፤ ሜዳው ሰማ። የአራቱ ሰፈር ሰዎች በዝናብ እየበሰበሱ ኦቦ ገርባ ደጅ ደረሱ፤ ወደ ማዶ የማድረሱ ተራ የወርቅቱ ነበር። ሽማግሌው የሟችን ስም፣ የቀብሩን ቦታና ሰዓት ነገሯቸው።

«ድገሚው።»

«ገባኝ እኮ፣ አካኮ!»

«ገባሽ ወይ አላልኩሽም። ድገሚው።»

ደገመችው። ‹ከቅዳሴ በኋላ› የምትለውን ዘላት ነበርና አስመለሷት። ሁለተኛው ጊዜ ሙሉ ሆነ፤ አያቷ ዛሬ እህል እንደሚወርድላቸውም ከፊታቸው ገመተች። ነጠላዋን ተከናንባ ስትወጣ ከኋላዋ ጠሯት።

«ወንዙ ሞልቷል፤ በድልድዩ ዙሪ። መጀመሪያ ለተረፈች ንገሪያቸው። አይሩጡ በያቸው፣ ይደርሳሉ።»