ቤት ያልመታው ግጥም

...የኔ ነው ብላለች፣ እጇን አውጥታ፣ አዳራሽ ሙሉ ሰው እያያት፣ የጓደኛዋን ግጥም የኔ ነው ብላለች የብርጓል፣ ውሸቱ ከአፏ የወጣው ገና አሥራ ሁለተኛ ክፍል ሳለች ነው፣ ዛሬ አርባን አልፋም አልለቀቃትም፣ ይኸው ደረቷ ውስጥ ይዘላል፣ ወይስ የሚዘለው የእንዳላማው ቤዝ ጊታር ነው? ቤዙ ነው። እፎይ። ቤዙ ነው፣ ከወለሉ ተነስቶ በጫማዋ ሶል ገብቶ፣ ጉልበቷን አልፎ፣ ሆዷ ውስጥ ወንበር ስቦ የሚቀመጥ፣ ከዚያ አልነሳም የሚል።

ጮቄ ባንድ ወደ ደብረ ማርቆስ ተመልሷል! ቅዳሜ ከሰዓት፣ ያው የድሮው አዳራሽ፣ ጣሪያው ብቻ ተቀይሯል፣ የድሮው ቆርቆሮ ሳክስፎኑ ከፍ ሲል አብሮ ይዘፍን ነበር፣ አዲሱ ዝም ይላል፣ ምን ዓይነት ጣሪያ ነው፣ ግድ የለም፣ ባዘዘው ድራሙን አንዴ ሲያጮኸው ጣሪያም አያስፈልግ። ሸብተዋል ሁሉም። ባዘዘው መነጽር አድርጓል። ያኔ ፈንክ የሚባል ሙዚቃ በጎጃም ማን ያውቅ ነበር፣ እነሱ ናቸው ያመጡት፣ እስክስታውን ሳይነኩ ከሥሩ ቤዝ ያስገቡለት፣ ትከሻ ወደ ላይ ልሂድ ሲል ወገብ ወደ ታች ይጎትተዋል፣ ሰው በየትኛው እንደሚጨፍር ግራ ይገባውና በሁለቱም ይጨፍራል፣ ከኋላዋ አንድ ሸበቶ ኮቱን አውልቆ እያሽከረከረ፣ እንዳላማው! ወገቤን መልስልኝ! ይላል፣ ሚስቱ ደግሞ፣ የቱን ወገብ ነው የምትለው፣ ድሮስ መቼ ነበረህ፣ እሱም፣ ዝም በይ አንቺ፣ በዚህ ወገብ አይደል እንዴ የወሰድኩሽ።

አጠገቧ አመተ ሥላሴ ትስቃለች። ሳቋ አልተለወጠም፣ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ነው የምትስቀው፣ ድሮም እንዲሁ፣ ድሮ አንድ ክፍል ተከራይተው ሲማሩ፣ የደብረ ኤልያስ የቅኔ መምህር ልጅ፣ ቤታቸው ጨው አቀብዪኝ እንኳ ቤት መትቶ ነው የሚባለው፣ ልጅቷ ግን ድምፅ የላትም፣ ዓይን አፋር፣ አባቴ ቢሰማስ ባይ። ግጥሙ የሷ፣ ጩኸቱ የየብርጓል፣ ጥሩ ሽርክና ነበር፣ ምነው በሽርክናው በረጋች።

የጮቄዎች ደንብ እንዲህ ነው፣ ዘፈኑ መሃል ላይ ነፊዎቹ ዝም ይላሉ፣ ቤዝና ድራም ብቻቸውን ይቀራሉ፣ ዘፋኙ ታረቀኝ መዳፉን ጆሮው ላይ ያደርጋል፣ ያኔ ከሰው መሃል አንዱ፣ ተቀበል! ይልና ግጥም ይሰጠዋል፣ ታረቀኝም የሰጡትን ሁሉ ይዘፍናል፣ አይመርጥም፣ ሰካራም ቢሰጠው የሰካራሙን፣ ለዚህ ነው ከተማው የሚሞትለት፣ ሳምንቱን ሙሉ ሰው ግጥም ሲያብሰለስል ይከርማል፣ ወፍጮ ቤት፣ ፖስታ ቤት፣ ፈተና ላይ። ተማሪ ሳሉ፣ ያን ቀን፣ አመተ ሥላሴ የየብርጓል ጆሮ ላይ ተንጠልጥላ ነገረቻት፣ እሷም ጮኸች፣

መኪናስ ፍሬን አለው፣ ከደጀን ሲወርድ፣
ልቤን ማን ይያዘው፣ አንተን ብሎ ሲሄድ።

አዳራሹ በጩኸት ፈረሰ። ሰው ወንበር ላይ ወጣ። ታረቀኝ ደጋግሞ ዘፍኖት አልጠግብ አለ፣ ከዚያ አቁሞ፣ ማነው የገጠመው? ማነው? ጥያቄው ይኸው ነው፣ ሌላ አልጠየቃት፣ እጇ ግን ወጣ፣ እጇ ራሱን ችሎ የወጣ ይመስላታል፣ ውሸት ነው፣ እሷ ናት ያወጣችው፣ ደስ ብሏት፣ የኔ ነው! ሻርፑን ከአንገቱ አውልቆ አጠለቀላት። አመተ ሥላሴ እንኳን ደስ ያለሽ አለቻት። ይኸው ብቻ። ምናለ ብትሰድባት ኖሮ።

ካሴት ላይ ወጣ፣ በስሟ። ሰርግ ሁሉ ዘፈነው። ባጃጆች ጀርባቸው ላይ ለጠፉት፣ የምታስተምራቸው ልጆች ሳይቀሩ ቲቸር ፍሬን ይሏታል፣ ባጃጅ ባለፈ ቁጥር ዓይኗን መሬት ትተክላለች፣ ማርቆስ ውስጥ ደግሞ ባጃጅ የማያልፍበት ደቂቃ የታለ።

ከትናንት ወዲያ አመተ ሥላሴ ደወለች፣ የብሬ፣ ጮቄዎች መጡ አሉ፣ ልጆቹን ለአባታቸው ጥዬ እመጣለሁ፣ ብቻሽን እንዳትገቢ። ዛሬ ከመናኸሪያው አንስቶ እስከ አዳራሹ በር፣ አሁን እነግራታለሁ፣ አሁን፣ ያቺን ዛፍ ስናልፍ፣ አልነገረቻትም፣ ስለ ጤፍ ዋጋ አወሩ።

ነፊዎቹ ዝም አሉ።

ወይኔ። ቤዙ ብቻ። ዱም፣ ዱዱም። ታረቀኝ መዳፉን ጆሮው ላይ፣ ማርቆሶች! ምን ትሉኛላችሁ? ደግሞ ዓይኑ፣ ምን ዓይነት ዓይን ነው፣ በዚህ ሁሉ ሰው መሃል ያገኛታል፣ ፍሬን! አለሽ እንዴ? አለች! ይላል ሸበቶው፣ እዚህ ናት! ፍሬን! ፍሬን! ይላል አዳራሹ፣ ማይኩ ከእጅ እጅ እየተላለፈ ይመጣል፣ አመተ ሥላሴም ታጨበጭባለች፣ ከልቧ፣ ከልቧ ነው የምታጨበጭበው፣ ይኼ ነው የማይቻለው። ማይኩ ይሞቃል። ግጥም የላትም፣ ኖሯትም አያውቅ፣ ዝም ብትል ይስቁና ያልፋሉ፣ አንድ እልልታ፣ አንድ ጭብጨባ፣ በቃ እስከ መቃብር ፍሬን እንደተባለች ትኖራለች። እግሯ ግን ይጨፍራል፣ እግር ምን ኅሊና አለው።

ተቀበል! ትላለች።

እሺ እቴ! ይላል ታረቀኝ።

ግጥሙ የኔ አይደለም።

ግጥሙ የኔ አይደለም! ብሎ ይዘፍነዋል፣ በቤዙ ላይ፣ አሳምሮ፣ ሰዉ ያጨበጭባል፣ መጀመሪያው ስንኝ መስሏቸው፣ ሁለተኛውን ይጠብቃሉ።

ያ የደጀኑ፣ የአመተ ሥላሴ ነው፣ ይህቺ አጠገቤ ያለችው፣ እኔ ውሸቴን ነው።

ቤት አይመታም! ይላል አንዱ ከኋላ። ቤት አልመታም እኮ! ይላል ሌላው፣ ሳቅ፣ ታረቀኝ ግን አይስቅም፣ ያያታል፣ ቀጥሎ አመተ ሥላሴን ያያል፣ ይገባዋል፣ ቤዙ አንድ ዙር ይሄዳል፣ ሁለተኛ ዙር፣ ባይመታም እንዘፍነዋለን! ይልና ይዘፍነዋል፣ የአመተ ሥላሴ ነው፣ የአመተ ሥላሴ፣ አዳራሹም ይቀበላል፣ የአመተ ሥላሴ! ነፊዎቹ ድንገት ዘለው ይገባሉ፣ ሳክስፎኑ ያብዳል፣ ሸበቶውና ሚስቱ አመተ ሥላሴን ግራና ቀኝ ይዘው ወደ መድረክ ይገፏታል፣ ኧረ በእመቤቴ፣ ኧረ ተዉኝ፣ ስትል ይሰማል፣ ነጠላዋ ከአፏ ወርዶ ወገቧ ላይ ታስሯል፣ ማን አሰረላት፣ ራሷ ናት።

ታዲያ ይቅር ብላት ይሆን? የብርጓል ከታች ሆና አንገቷን ታሰግጋለች፣ አመተ ሥላሴ መድረኩ ላይ ሆና አታያትም፣ ትከሻዋ ነው የሚታይ፣ ያ ሁሉ ዓመት የት ደብቃው የነበረ ትከሻ፣ ልክ እንደ እሳት፣ እንዳላማው እየሳቀ ቤዙን ወደሷ ያስጠጋዋል፣ ማርቆስ ይጮኻል፣ የብርጓልም ትጮኻለች፣ ታለቅሳለች፣ ትጨፍራለች፣ ይህን ደስታ አቋርጦ ማን ይጠይቃል፣ መልሱ ቢዘገይ ምን ይደረጋል። ነገ ትጠይቃታለች። እናንተ ግን፣ ያን ግጥም በየሰርጉ በየብርጓል ስም ስትዘፍኑ የኖራችሁ፣ ይህን የምታነቡ፣ ተታላችኋል፣ ይቅር በሏት።