ከባስ ኋላ አልሮጥም

«ስፖርት ላይ ኤ ያላመጣች ሴት ሕክምና አትገባም አሉ።»

ይህን የምትለው የዶርም ጓደኛዬ ማሬ ናት። ጠዋት ልብስ ስናሰጣ አለችው፤ የምሳ ሰልፍ ላይ ደገመችው፤ ማታ ከላይኛው አልጋ አንገቷን ቁልቁል አስግጋ ሠለሰችው። «ማን ነው ያለው?» ስላት መጀመሪያ ሆስፒታል የሚሠራው አጎቷ ነበር፤ ቀጥሎ የአጎቷ ጓደኛ፤ በመጨረሻ «ግቢው ሁሉ» ሆነ።

እኔ ሎጂክ ላይ ከክፍሉ አንደኛ ነኝ። «አሉ» ማስረጃ እንዳልሆነ ለማሬ ያስረዳኋት ራሴ ነኝ። ግን ሕክምና የሚገባው ጥቂት ሰው ነው፤ እኔ ደግሞ ሌላ ነገር መሆን አልፈልግም። ፍርሃት በበር ሲገባ ሎጂክ በመስኮት ይወጣል።

ለነገሩ የአንደኛ ዓመት የጋራ ትምህርቶችን እንደ እኔ የወደደ አልነበረም። ሌላው «ሐኪም ለመሆን ጂኦግራፊ ምን ይሠራል? አንትሮፖሎጂስ?» እያለ ሲያለቃቅስ፣ እኔ ሰርግ ቤት እንደገባ ሰው ሁሉም እንዲቀርብልኝ ነበር የምፈልገው። አገሬ ኮሶዬ ላይ ትምህርት ቤቱ በተዘጋባቸው ዓመታት በተሰነጠቀ ስልክ ብቻዬን አንብቤ፣ በግል ተፈትኜ ያለፍኩ ነኝ። ያስተማረኝ ሰው አልነበረም፤ ስለዚህ የሚያስተምር ሲገኝ አላባክነውም። የከበደኝ ስፖርት ብቻ ነው። ስለ ሩጫ ያገኘሁትን ሁሉ አነበብኩ፤ እግሬ ግን ማንበብ አይችልም። በመጀመሪያው ልምምድ አንድ ዙር እንኳ ሳልጨርስ ሳሩ ላይ ተዘረጋሁ።

«የኮሶዬ ልጅ ሆነሽ?» አለ ጌቾ፣ እዚሁ ጎንደር ፒያሳ ተወልዶ ፒያሳ ያደገ የክፍላችን ልጅ። «እኛ እኮ ከተወለዳችሁ ጀምሮ የምትሮጡ ነው የሚመስለን።»

«እናንተስ ከግንቡ ሥር ተወልዳችሁ አንድም የነገሠ አላየሁ» አልኩት። መልሱ ሸጋ ነበር፤ ትንፋሼ ግን ግማሹን አስቀረው።

ኮሶዬ የደባርቅ ባስ ሲቆም ሴቱ ሁሉ ትሪውን ይዞ ወደ መስኮቱ ይሮጣል። ባሱ ከተንቀሳቀሰም ከኋላው ይሮጣል። እኔ ሮጬ አላውቅም። የሚገዛ ይውረድ እያልኩ ከእናቴ የድንች ቅቅል አጠገብ ቁጭ ብዬ አነባለሁ። እናቴ ሸዋረጋ «ኩራት ራትሽ» ትለኛለች።

ፈተናው ሲቃረብ ቅዳሜ ቤት ሄጄ ጭንቀቴን ነገርኳት።

«በሩጫ የሚመረጥ ሐኪም ገና ዛሬ ሰማሁ» ብላ ሳቀች። «ምነው ታዲያ ልጄ፣ ጎንደር ድረስ ሄደሽ አሯሯጭ ፈለግሽ? ያውልሽ ማኪናው።»

ትሪውን አስታቀፈችኝ።

የመጀመሪያው ባስ ጭሱን አጠጥቶኝ ሄደ። ሁለተኛው ላይ ድንቹ አስፋልቱን ሞላው፤ የመንደሩ ሴት በሙሉ ሆዱን ይዞ ሳቀ። ከዚያ በኋላ ግን ገባኝ፤ ጎማውን የምታይ ትቀራለች፣ መስኮቱን የምታይ ትደርሳለች። አንዲት ተሳፋሪ እጇን ዘርግታ «ድረሽ፣ ድረሽ» ስትለኝ፣ ሳቄና ትንፋሼ ተቀላቅሎ ድንቿን ሳቀብላት፣ ይህን ሁሉ ዓመት ምን አስቀመጠኝ አልኩ። እሑድ ሲመሽ ያመለጠኝ ባስ አልነበረም።

የፈተናው ቀን መምህር ፊልጶስ ፊሽካውን ነፋ። ማሬ በሁለተኛው ዙር ወገቧን ይዛ መራመድ ጀመረች።

«እንኩ፣ ሂጂ» አለችኝ ሳልፋት። «እኔ ፋርማሲም ይበቃኛል።» እንኳየሁን አሳጥራ እንኩ የምትለኝ እሷ ብቻ ናት።

ከፊቴ አንዲት ረጅም ልጅ ብቻ ቀረች፤ ሚስጥር የምትባል የአይከል ልጅ። ጀርባዋ ላይ መስኮት ሣልኩበት። ጉሮሮዬ ነደደ፤ እግሬ ግን ሥራውን ያውቅ ነበር። የመጨረሻው ጥምዝ ላይ ደረስኩባት፣ ጎን ለጎን ሆንን፣ ከዚያ ነፋሱ ብቻ ከፊቴ ነበር።

«ድንቹስ?» አለ ጌቾ ከዳር። ማሬ መቼም ወሬ አታሳድርም።

«ለሚሄድ እንጂ ለቆመ አልሸጥም።»

መምህር ፊልጶስ የየት ልጅ እንደሆንኩ ጠየቀኝ። ኮሶዬ ስለው «ይታያል» አለ። ፊት ቢሆን ይህች ቃል ታበግነኝ ነበር። «ነገ ጠዋት ከግቢው ቡድን ጋር ነይ» አለኝ። ሄድኩ። ከዚያ ወዲህ ሳልሮጥ የዋልኩ ቀን እግሬ ከእኔ ጋር ይጣላል።

ውጤቱና የትምህርት ክፍል ምደባው በአንድ ቀን ወጣ። ስልኬን በሁለት እጄ ይዤ ከፈትኩት፤ ሕክምና። እሪ ስል ማሬም ከላይኛው አልጋ እሪ አለች፤ እሷም ሕክምና። ተቃቅፈን ዘለልን። እግራችን መሬት ሲነካ ነው ነገሩ የከነከነኝ፤ ግማሹን ሩጫ በእርምጃ የጨረሰች ልጅ።

ለልምምድ ሜዳ እንደደረስኩ፣ ጫማዬን እያሰርኩ መምህር ፊልጶስን ጠየቅኩት።

«ስፖርት?» አለ ፊሽካውን አንገቱ ላይ እያጠለቀ። «እሱ እኮ ማለፍና መውደቅ ብቻ ነው ያለው። ኤ የለው፣ ቢ የለው፣ አማካይ ውጤት ውስጥም አይገባ። ሜዳው ላይ የተገኘ ሁሉ አልፏል።»