ኣስገዶም የሸጣት መኪና

በደርግ ጊዜ ነው። የወልዲያው ነጋዴ ኣስገዶም ትንሿን ርካሽ መኪናውን ለመርሳው አብዱልሐሊም ሲሸጥ፣ ዳገት ላይ ሞተሯ እየጋለ እንደምትቆም ደበቀው። የዚያ ዓይነት መኪና የገዛ ሁሉ በዚሁ ያማርር ነበር።

አብዱልሐሊም ምጥ የያዛትን ሚስቱን ረሂማን ወደ ወልዲያ ሐኪም ቤት ሲወስድ መኪናዋ ሲሪንቃ አጠገብ ቆመች። የሚያነሳቸው እስኪገኝ ቆዩና ልጁ ሞቶ ተወለደ፤ ረሂማ ተረፈች።

ኣስገዶም ወሬውን ከሰማ ወዲያ እህል አልወርድልህ አለው። ሊያስተዛዝን መርሳ ወረደ። አብዱልሐሊም እጁን ይዞ፣ «የአላህ ውሳኔ ነው። አነዳዱን ሳላውቅበት ደህናዋን መኪናዎን አበላሸኋት» አለው።

«አንተ አላበላሸሃትም» አለ ኣስገዶም አንገቱን ደፍቶ። «ስሸጥልህም እንዲሁ ነበረች፤ አውቅ ነበር።»

አብዱልሐሊም እጁን ቀስ ብሎ ለቀቀው።

«ረሂማ ተኝታለች» አለ። «ሳትሰማ ይሂዱ።»