ጨፌ አረንጓዴ ነው

1.

አረንጓዴ።

2.

የትናየት እባላለሁ። አዲስ አበባ ተቀምጬ የአምስት ከተማ የአምቡላንስ ስልክ ሰርቨሮችን፣ ማለትም ጥሪ ተቀባይ ኮምፒውተሮችን፣ በአንድ ስክሪን እጠብቃለሁ። እያንዳንዱ ከተማ አንድ ክብ አለው። ሰርቨሩ ከሠራ ክቡ አረንጓዴ ነው፤ ከወደቀ ቀይ። ፕሮግራሙ በየደቂቃው «አለህ?» ይለዋል፤ ሰርቨሩ «አለሁ» ይላል። ከዚህ በላይ አይጠያየቁም። የተኳረፉ ጎረቤቶች እንኳ ከዚህ የተሻለ ይነጋገራሉ።

3.

የጨፌ ከተማ ክብ አረንጓዴ ነው።

ግን ዛሬ ቅዳሜ፣ የጨፌ ገበያ ቀን ነው። በገበያ ቀን ከጋሪ የወደቀ፣ በሬ የወጋው አይጠፋም። የጥሪ መዝገቡን ስከፍት ግን ከጠዋት ጀምሮ አንድም ጥሪ አልተነሳም።

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ፈራሁ።

4.

ለብዙነሽ በሞባይሏ ደወልኩ። የጨፌን የአምቡላንስ ስልክ የምታነሳው እሷ ናት።

እኔ፦ ብዙዬ፣ ስልኩ ምነው ዝም አለ?

ብዙነሽ፦ ተመስገን በይ እንጂ! ዛሬ አገሩ ሰላም ነው።

እኔ፦ ትናንትስ?

ብዙነሽ፦ ትናንት ከሰዓት እማማ ዘነቡን ቀብረን ድንኳን ተቀምጬ…

እኔ፦ ከዚያስ?

ብዙነሽ፦ ወይኔ! ለቅሶ መሀል እንዳይጮህብኝ ብዬ ጥሪውን ወደ መልእክት መቅጃው አዙሬው ነበር። ለአንድ ሰዓት ብዬ!

5.

አልመለሰችውም። ሰርቨሩም የደወለውን ሁሉ በትሕትና እየተቀበለ ሲቀዳ አደረ።

ልቆጣት ፈለግሁ፤ አልቻልኩም። ለቅሶ ቤት ስልክ አስጩሆ ማን ሰው ይባላል? እኔም ብሆን ያንኑ አደርግ ነበር።

6.

ከመቅጃው፣ ትናንት ማታ የተቀዳ፣ ሁሉም የአንድ ሰው ድምፅ፦

«ሃሎ፣ ከወንዝ ማዶ ነው። ባለቤቴን ምጥ ይዟታል።»

«እኔው ነኝ። ደም እየፈሰሳት ነው።»

«እባካችሁ።»

«                    »

7.

ብዙነሽ እያለቀሰች ሾፌሩን ላከች። እኔ ለሰውየው ደወልኩ።

— አምቡላንስ ነን። መኪናው መንገድ ላይ ነው።

— አሁን?

— ይቅርታ ጋሼ፣ ስልኩ…

— ግድ የለም እህቴ። ሥራ በዝቶባችሁ ነው።

8.

ምነው በሰደበኝ።

9.

— ባለቤትዎስ?

መስመሩ አልተቋረጠም፤ ትንፋሹ ይሰማኛል። አንባቢ ሆይ፣ አንተም ስልኩን አትዝጋ።

10.

—