ጠርዝ የሌለው ክንድ

«ይህን መስመር ደግሞ ከየት አመጣሽው?» አሉ መምህር ፎስኮ፣ ጣታቸውን ወደ ወረቀቱ ቀስረው።

ኤርሲሊያ የምትሥልበትን ከሰል ዝቅ አደረገች። ፊት ለፊቷ በቆመው አሮጌ የእንጨት ሰሌዳ ላይ፣ በግራጫ ቀለም ብቻ የተሣለች ሴት ተቀምጣለች። ሦስት ሳምንት ሙሉ እሷን ነው ስትገለብጥ የከረመችው።

«ክንዷ ነዋ! ክንድ ዳር አለው።»

«ማን ነገረሽ?»

«ሠላሳ አራት ዓመት ራጅ ያነሳሁ ሰው ነኝ፣ መምህር። የሰው ክንድ የት እንደሚያልቅ ለእኔ አይነገርም።»

«ችግርሽ እሱ ነው። የምታውቂውን ትሥያለሽ። የምታዪውን ሣይ!»

ይህን ብለው ወደ ሌሎቹ ተማሪዎች አለፉ። ኤርሲሊያ በንዴት ቀኝ ዓይኗን አሸችው። ጣቷ ላይ የነበረው የከሰል ብናኝ ገባባትና ዓይኗ እንባ አቅርሮ ተከደነ። የቀራት የዓይን ሞራ የሸፈነው፣ በማግስቱ ቀዶ ጥገና የሚጠብቀው ግራ ዓይኗ ብቻ ነበር።

በእሱ ቀና ብላ አየች። የሴትዮዋ አፍንጫ የለም፤ ጣቶቿም የሉም። ግንባሯና ጉልበቷ ላይ ብርሃን አለ፣ ከኋላዋ ጨለማ አለ። የእጅጌዋ ጥቁረት ከጨለማው ጋር ያለ ምንም ድንበር ተዋህዷል።

«መምህር! ይምጡ፣ ክንዷ የለም!»

«ማን ሰረቀባት?» አለ አንዱ ተማሪ። ክፍሉ በሳቅ ሞላ።

ፎስኮ ግን አልሳቁም። «በየትኛው ዓይንሽ ነው ያየሽው?»

«በታመመው።»

«‹ጥቃቅኑ ጠፍቶ ብርሃንና ጥላው ብቻ እንዲታያችሁ ዓይናችሁን አጥብቡ› እያልኩ ስጮህ አርባ ዓመቴ። አንቺ ለካ ተሸክመሽው ነው የምትመጪው!»

ኤርሲሊያ ከሰል ለማጥፊያ ከያዘችው ዳቦ ልቡን ቆንጥራ አድቦለቦለችና የምትኮራበትን መስመር አጠፋችው። ደህናውን ዓይኗን በሻሽ ሸፍና እስከ አመሻሽ ሠራች። ወደ ማብቂያው ላይ ልጇ ጂኔቭራ ደወለች።

«እማ፣ ነገ በአንድ ሰዓት መጥቼ እወስድሻለሁ። ቁርስ እንዳትበዪ።»

«አንድ ሳምንት ብናራዝመውስ?»

«ስድስት ወር ወረፋ የጠበቅሽለትን? ለምን ሲባል?»

«ጥቅሙን ያገኘሁት ገና ዛሬ ነው።»

«የምኑን ጥቅም?»

«የሞራውን።»

«እማ፣ ባለፈው ሳምንት እኮ ደረጃው አልታይሽ ብሎ ወድቀሻል።»

ኤርሲሊያ እስካሁን የጠቆረውን ክርኗን ዳሰሰች። «እሺ የኔ ልጅ፣ እሄዳለሁ» አለች።

ስልኩን ስትዘጋ ፎስኮ የሚረጭ ማጣበቂያ ያለበት ጠርሙስ ይዘው አጠገቧ ቆመዋል። ሥዕሉን ረጅም ጊዜ አዩት።

«እዚህ ከገባሽ ወዲህ እንዲህ ያለ አልሠራሽም። ከሰሉ እንዳይረግፍ ልርጭበት፤ ከደረቀ በኋላ ግን ማንም ሊያጠፋውም ሊያርመውም አይችልም።»

እሺ ልትል አፏን ከፈተች። ነገር ግን ያ ክንድ በጠራ ዓይን ሲታይ ምን ይመስል ይሆን? ደግሞስ የትኛው ዓይን ነው የሚሳሳተው?

«አይርጩበት፣ መምህር። ስመለስ በአዲሱ ዓይን አየዋለሁ።»

«ከዚያ ባትወጂውስ?»

«እሱን ነው ማወቅ የምፈልገው» አለችና፣ ወረቀቱ የተወጠረበትን ሰሌዳ ማንም እንዳይነካካው በጥንቃቄ አንስታ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረችው።